ከኤአይ በፊት ቀብድ

«ተላመዱ» የሚለው ምክር በዝቷል። ግራፊክ ዲዛይነር፣ ቪዲዮ ኤዲተር፣ ፎቶ አንሺ ወይም የማስታወቂያ ጸሐፊ ከሆናችሁ ቢያንስ በሳምንት አንዴ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም፦ ገበያው ተቀይሯል፣ ኤአይ መጥቷል፣ አዲስ ሶፍትዌር ልመዱ፣ ራሳችሁን ብራንድ አድርጉ፣ የውጭ አገር ክላየንት ፈልጉ። መካሪው ብዙውን ጊዜ ኮርስ የሚሸጥ ሰው ነው። ከነዚህ መካሪዎች መሐል «ለመሆኑ ቀሪ ሒሳብህን እንዴት ነው የምትቀበለው?» ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉ ካፌዎች ውስጥ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳ ሥር ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ዌብሳይትና መተግበሪያ ስሠራ ሎጎው፣ ምስሉ፣ የዕቃው ፎቶ የሚመጣልኝ ከዲዛይነሮችና ከፎቶ አንሺዎች ስለሆነ ገንዘባቸው የት ላይ እንደሚቀር በቅርብ አያለሁ። እንዳየሁት ከሆነ ብዙው የሚቀረው ኤአይ ጋ አይደለም። ፋይሉ በቴሌግራም ከተላከበት ደቂቃ ጀምሮ ቀሪው ክፍያ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክፍያው የማይገባበትም ጊዜ ሞልቷል።

ስለዚህ ክርክሬ አጭር ናት። የእኛ አገር የፈጠራ ሥራ ፍሪላንሰር ከሶፍትዌሩ በፊት ስምምነቱን ይቀይር። ቀብድ የማይቀበል፣ ውል የማይጽፍ፣ የመብትን ነገር የማያነሳ ሰው ያለውን ኤአይ ሁሉ ቢማር ትርፉ ቶሎ ቶሎ መክሰር ብቻ ነው።

የተቀየረው ምንድን ነው?

ለውጥ የለም አላልኩም። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የክላየንቱ አመጣጥ ራሱ ተቀይሯል። ድሮ ሐሳብ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን ስልኩ ላይ ያሠራትን ምስል ይዞ ይመጣና «ይቺን ብቻ አስተካክልልኝ» ይላል። የሦስት ቀን ሥራ የነበረችው ፖስተር «ለአንተ እኮ አምስት ደቂቃ ናት» ሆናለች። አምስት ደቂቃ ከሆነች ለምን ራሱ እንደማይሠራት ግን አይነግርህም።

ሁለተኛው ለውጥ የብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሶፍትዌሩ ወርሃዊ ክፍያ፣ የዌብሳይቱ ሆስቲንግ፣ ላፕቶፑ፣ ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ሁሉም በዶላር ነው የሚታሰበው። ሾላ ገበያ ያለ ነጋዴ ዕቃው ሲወደድበት በማግስቱ ዋጋውን ያስተካክላል፤ ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም። ዲዛይነሩ ግን የአምናውን ዋጋ ለመጨመር ይሉኝታ ይዞታል። ዕቃ ሻጩ ያላፈረበትን እኛ ለምን እናፍራለን?

«ታዲያ በዶላር ሥሩዋ!» ለሚሉን፦ የሚሠሩ አሉ፣ ይበርቱ። ነገር ግን ፔይፓል ከኢትዮጵያ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አይሆንም። ስትራይፕ አገራችንን አያስተናግድም። በፔይኦኒር ወይም ውጭ ባለ ዘመድ በኩል መቀበያ ያበጀ ሰው ራሱ፣ ገበያው ላይ የሚጠብቀው ከመላው ዓለም የመጣ በዋጋ የሚፎካከር ብዙ ሺህ ሰው ነው፤ ያውም እሱ መብራት ሲጠፋ ካፌ ለካፌ እየዞረ። በሩ ለጥቂቶች ክፍት ነው። የብዙዎቻችን ክላየንት ግን እዚሁ ነው ያለው፦ መገናኛ ያለ ክሊኒክ፣ ሃያ ሁለት ያለ ሬስቶራንት፣ ካራ ያለች ሽሮና በርበሬ አዘጋጅ፣ ሲኤምሲ ያለ መዋዕለ ሕፃናት። ከእነዚህ ጋር ያለንን አሠራር ሳናስተካክል ወደ ውጭ መሸሽ፣ ጣሪያው የሚያፈስን ቤት ትቶ ጎረቤት እንደማደር ነው።

ፊደላችን አጥር አይሆንም

አንዳንድ ዲዛይነሮች የሚጽናኑባት ነገር አለች፦ «ኤአይ አማርኛ አይችልም»። ምስል የሚሠሩት ሞዴሎች ፊደላችንን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ፊደል የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት የማይነበብ ነገር ማውጣታቸው እውነት ነው። የበዓል ፖስተር ላይ እግሩ የበዛ «አ»፣ ቀለበቱ ቦታውን የሳተ «ሬ» ይወጣል። ይሳቃል፣ ስክሪንሾት ይነሳል፣ ሼር ይደረጋል።

እኔን ግን አያስቀኝም። ችግሩ የዳታ ማነስ ነው፤ የዳታ ማነስ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ የሚፈታው ነገር ነው። 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ቅርጽ ይሰጣሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የቻይና ምልክቶችን ለሚማር ማሽን ይህ ብዙ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ሁሉ የየራሱ ኮድ ስለነበረው አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያንን የሚያስታውስ ወጣት ጥቂት ነው። የአሁኑም እንደዚያው ይረሳል። ንግዱን በማሽን ድክመት ላይ የመሠረተ ሰው፣ ማሽኑ በተሻሻለ ቁጥር መሠረቱ ይሸረሸርበታል።

ማሽኑ የማይወስደው ነገር ሌላ ነው፦ ተጠያቂነት። አምስት ሺህ ብሮሹር ታትሞ ስልክ ቁጥሩ ቢሳሳት የሚጠየቀው ማነው? የጥሪ ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ማን አረጋገጠ? ማተሚያ ቤት ድረስ ሄዶ «ይሄ ቀይ አይደለም፣ ቡናማ ነው፤ አቁሙት» የሚለው ማነው? ያቺ የሽሮ አዘጋጅ ማሸጊያዋ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ቢጎድል ማን አስቀድሞ ይነግራታል? ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ችግሩ፣ ተጠያቂነት እንደ ጄፔግ ፋይል በቴሌግራም አይላክም። የሚሸጠው በስምምነት ነው። ምን እንደምትሠራ፣ እስከ የት እንደምትጠየቅ፣ ስንት እንደሚከፈልህ አስቀድመህ ካልተነጋገርክ ኃላፊነቱን በነጻ እየሰጠህ ነው።

ሸክሙ ከወረደ በኋላ

ከየካ ሽቅብ ስታዩ እንጦጦ ነው። በምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬም ተራራውን ለብሶታል። እናቶችና ወጣት ሴቶች ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ኮተቤ ሲወርዱ ያላየ የዚህ አካባቢ ልጅ የለም። የእነሱን ድካም ከላፕቶፕ ሥራ ጋር ላወዳድር አልፈልግም፤ ነውር ነው። የዋጋው አሠራር ግን ትምህርት አለው። ሸክሙ ከተማ ከደረሰ በኋላ ዋጋ ሲጠራ ገዢው አንድ ነገር ያውቃል፦ ይህቺ ሴት እንጨቱን መልሳ ተራራ አትወጣም። ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ጉልበቷ ከመነሻውም አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው መመለስ አለመቻሏ ነው።

ያለቀለትን ፋይል ልኮ «እሺ ነገ አስገባልሃለሁ» የሚለውን የሚጠብቅ ዲዛይነር የቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እንዲያውም የእሱ ይብሳል። እንጨት ካልተሸጠ ሌላ ደንበኛ ይገዛዋል፤ ለአንድ ክሊኒክ የተሠራ ሎጎ ግን ለሌላ ክሊኒክ አይሆንም። እሷ አማራጭ ስለሌላት ነው እንዲህ የምትነግደው። እኛ ግን አማራጭ እያለን «ክላየንቱ እንዳይቀየም» ብለን በፈቃዳችን ተሸክመን እንወርዳለን።

የሠርግ ካሜራ ሰዎች ያወቁት

አማራጩ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ሠፈራችን ውስጥ አለ። ስልክ ሁሉ ካሜራ ሲሆን የፎቶ ቤቶች ገበያ ተመታ። ፊልም ማጠብ ቀረ፣ የእሑድ የቤተሰብ ፎቶ ቀረ፣ የቀረው በአብዛኛው ጉርድ ፎቶ ነው። በሠርግ ቤት ግን እያንዳንዱ ታዳሚ በኪሱ ካሜራ ይዞ መጥቶ እንኳን የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያ ይቀጠራል። ለምን? የሠርግ ባለሙያ ፋይል አይሸጥም። የሚሸጠው ቀን ነው። የጥር አንድ ቅዳሜ ለአንድ ሠርግ ከተያዘች ለሌላ አትሆንም። ስለዚህ ቀብድ ሳትሰጥ ቀን አይያዝልህም፤ ቀሪውም መቼ እንደሚከፈል አስቀድሞ ይታወቃል። ሙሽራው አይቀየም፣ አማት አትቀየም። ዲኮር ሠሪውም፣ አዳራሹም፣ ልብስ አከራዩም እንደዚያው ናቸው። ያው ሙሽራ ግን የጥሪ ካርዱን ዲዛይን ሲያሠራ «ሠርተህ አሳየኝና እንነጋገራለን» ይላል። ሰውየው አልተቀየረም። የተቀየረው እኛ ያስለመድነው ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳም ሌላ ትምህርት አለ። ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች በእጃቸው የሚሠሩትን ጥለት የሚመስል፣ በፋብሪካ የታተመ ርካሽ ጨርቅ ከቻይና ገብቶ ገበያውን አጥለቅልቋል። ከታተመ ጨርቅ ጋር በዋጋ እወዳደራለሁ ያለ ሸማኔ የክሩንም አያወጣ። በእጅ ሥራ የሚያዋጣው ትእዛዝ ነው፦ ልክ ተለክቶ፣ ጥለት ተመርጦ፣ ለታወቀ ሰው፣ ለታወቀ በዓል። ዲዛይነሩም ኤአይ በነጻ ከሚያወጣው ምስል ጋር በብር ልወዳደር ካለ ያው ነው የሚሆነው።

ሕጉ አለ፤ የተውነው እኛ ነን

ቀብድ ክላየንትን አለማመን የሚመስላቸው አሉ። ሕጉ እንዲህ አያየውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ። ቀብድ ክላየንቱን ብቻ አያስርም። እኛንም ያስራል። ቀብድ በልተህ ስልክ አትዘጋም። ለዚህ ነው ለሁለቱም ወገን የመተማመኛ መንገድ የሆነው።

ከቀብዱ የሚከፋው የመብት ጉዳይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ሰውን እንደሚጠብቅ ሁላችንም ሰምተናል። ብዙዎቻችን ያልሰማነው፣ በትእዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራ ላይ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ወይም የቀጣሪው እንደሚሆን ነው። እንበል ለካራዋ የሽሮ አዘጋጅ አንድ የማሸጊያ ሥዕል ሠራህ። ስለ አንዲት ማሸጊያ ብቻ ነው የተነጋገራችሁት፣ ዋጋውም የአንዲት ማሸጊያ ነው። ከዓመት በኋላ ያው ሥዕል በመኪና ጎን፣ በቢልቦርድ፣ በቲሸርት ላይ ታየዋለህ። ተቆጥተህ ወደ ሕግ ብትሮጥ ሕጉ የሚጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ «ሌላ ስምምነት ነበራችሁ?» ዝም ካልክ ዝምታህ ሽያጭ ነው። ሴትየዋም አልበደለችህም። እንድትጠቀምበት የፈቀደላት ያልተጻፈው ውል ነው።

«ውል ማለት ጠበቃ፣ ማኅተም፣ ወጪ ነው» የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ሙያ ይምጣ። ዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሶፍትዌር የሚከፋፈልበት የኤምአይቲ ላይሰንስ ከ200 ቃል አይበልጥም። አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል ናት። ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ትናገራለች፣ በቃ። ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ላይሰንስ ሳይኖረው ሥራ መልቀቅ እንደ ጥፋት ነው የምናየው። ዲዛይነር ለምን አንዲት ገጽ አይኖረውም? ገጿ ላይ የሚጻፈው ይኼ ነው፦ ምን ይሠራል፤ መቼ ያልቃል፤ ስንት ጊዜ እርማት በዋጋው ውስጥ አለ፣ ከዚያ በላይ ያለው ስንት ነው፤ ቀብዱ ስንት ነው፤ ዋናው ፋይል የሚላከው ቀሪው ከተከፈለ በኋላ መሆኑ፤ ሥራው የት የት እንዲውል ተፈቀደ፤ ኤአይ ተጠቅሜያለሁ ወይስ አልተጠቀምኩም። የመጨረሻዋን መደበቅ አያስፈልግም። ክላየንቱ የሚገዛህ እጅህን ብቻ አይደለም፣ ዓይንህንም ነው፤ በምን መሣሪያ እንደሠራህ ብትነግረው ዋጋህ አይወርድም።

ስምምነቱ በቴሌግራም ቢሆንም ከንቱ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ስለዚህ ገጿን ላክ፣ «ተስማምቻለሁ» የምትል መልስ አስጽፍ፣ ቀብዱን በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበል፣ ያለ እነዚህ ሥራ አትጀምር። በስልክ የተወራውንም ወዲያው በጽሑፍ አስፍረህ ላከው። ድምፅ ይረሳል።

ደረሰኝም አለ። ድርጅቶች ለፍሪላንሰር ሥራ የማይሰጡት ሁልጊዜ በችሎታው ስለማያምኑ አይደለም፤ የሒሳብ ሹማቸው ስለማይቀበል ነው። በ2008ቱ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት ድርጅት፣ አቅራቢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ከክፍያው 30 በመቶ ይይዛል። ቁጥርህን ሳታወጣ ከትልቅ ድርጅት ጋር የተስማማህበት ዋጋ፣ ገና ሳትጀምር ሲሶው የለም ማለት ነው።

«ክላየንቱ ይሄድብኛል»

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አንተ ቀብድ ስትል ሌላው ያለ ቀብድ ይሠራለታል።» እውነት ነው፣ አንዳንዱ ይሄዳል። ቀብድ ስትጠይቀው ከሚሄደው ውስጥ ግን ቀሪውንም የማይከፍል እንዳለ አትርሳ። እሱ ሲሄድ ያጣኸው ገቢ የለም። የተረፈህ የሳምንት ጉልበት ነው።

ከበድ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የቤት ኪራይ ነገ የሚከፈል ከሆነ «አልሠራም» ማለት የሚቻለው በምንድን ነው? እዚህ ላይ «ጎበዝ ሁን» የሚል ምክር ስድብ ነው። «አይ» ለማለት የተቀመጠ ገንዘብ ያስፈልጋል። የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ እናቶቻችን ያለ ባንክ ብድር ያበጁት ነገር ነው፤ እቁብ ይባላል። አሥር ዲዛይነርና ኤዲተር እቁብ ቢጥሉ፣ ዕጣውንም ሥራ ላጣ ወይም ክፍያ ለዘገየበት ቢያስቀድሙ፣ የመጀመሪያው መጥፎ ክላየንት ሲመጣ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አይለጥፉም። ስለ «ኮሙኒቲ» ስንት ጊዜ ተወራ? ኮሙኒቲ ማለት ለእኔ ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ የሚጣልበት ነው።

አንዳንዶች ከዚህ አልፈው «ከእንዲህ በታች አንሠራም ብለን ዋጋ እንወስን» ይላሉ። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል። አያስፈልግምም። ማንም የማይከለክለው፣ የበለጠም የሚጠቅመው፣ የውል ገጽን መጋራት ነው። ዋጋው የየራሳችን ይሁን፤ ቀብዱ፣ የእርማቱ ቁጥር፣ የመብቱ አንቀጽ የጋራ ልማድ ይሁን። ክላየንት ከአምስት ዲዛይነር አምስቱም ቀብድ ከጠየቁት፣ ቀብድ የሙያው ወግ ነው ብሎ ይቀበላል፤ ለአዳራሹ እንደሚቀበለው።

ለሚያስተምሩም አንድ ቃል አለኝ። ምሕንድስና ስማር ካልኩለስ በየሴሚስተሩ ነበር፤ ውል ምን እንደሆነ ግን ማንም አላስተማረኝም። ዛሬም ለወጣቶች የሚሰጡ የዲጂታል ሥልጠናዎች ማስታወቂያ ሳይ የሚዘረዘረው የመሣሪያ ዓይነት ነው። ከእነዚያ መሣሪያዎች ውስጥ ብዙዎቹ ሠልጣኙ ሠርተፍኬቱን ፍሬም ሳያስገባ ይሞታሉ። ቀብድ ግን የ1952ቱ ሕግ ውስጥ አለ፣ ከሕጉም በፊት ነበረ፣ ኤአይ ካለፈበት በኋላም ይኖራል። አንድ ከሰዓት ለእሱ መድቡለት።

ኤአይ ተማሩ፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን ዛሬ ማታ ከአዲሱ ቪዲዮ ትምህርት በፊት ያቺን አንዲት ገጽ ጻፉ። ነገ «ትንሽ ሥራ ነበረችኝ» ብሎ ለሚደውለው ሰው ከፖርትፎሊዮው አስቀድማችሁ እሷን ላኩለት። የሚቀየም ይቀየም።